የእድሩ ጥሩምባ

ከአየር ንብረት ለውጥ ጋር መላመድን አስተምር ተብዬ፣ ጌጃ ሰፈር ወንዝ ዳር ለሚኖሩ ሰዎች «ወንዙ ሲሞላ የእድሩ ጥሩምባ ይነፋል፤ ያኔ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ወደ አስፋልቱ ሩጡ» እያልኩ ሦስት ቀን ሙሉ ለፈለፍኩ። ሐምሌ ላይ ወንዙ ሞላ፤ ጥሩምባው ተነፋ። ሰፈርተኛው ነጠላውን ዘቅዝቆ፣ የእድሩን ድንኳን ተሸክሞ፣ «ማን ሞተ? ማን ሞተ?» እያለ ጭራሽ እኔና ጥሩምባ ነፊው ወደቆምንበት ወንዝ ዳር ወረደልኝ!

«ኧረ ማንም አልሞተም፤ ጎርፍ ነው፣ ወደ ላይ!» ብዬ እየጮህኩ እንደ ምንም አስፋልቱ ላይ አወጣኋቸው። ጎርፉ ሲደርስ ያገኘው ባዶ ቤት ነው። የእድሩ ዳኛ እትዬ በላይነሽ የዘቀዘቁትን ነጠላ እያቃኑ «ልጄ፣ ለጎርፍማ ማን ይወጣል?» አሉኝ። «ለሚቀጥለው ‹በላይነሽ ሞተች› ብለህ አስነፋ፤ አንድም ሰው ቤቱ አይቀርም።»