መቶ አርባ አልነበረም

የተከበራችሁ የዶክተራችን ቤተሰቦች፤ የተከበራችሁ ጎረቤቶች፤ በእሳቸው እጅ የወለዳችሁ፣ በእሳቸው እጅ የተወለዳችሁ፤ የማዋለጃ ክፍል ባልደረቦቼ። ከፊት የቆማችሁት የሆስፒታሉ አለቆችም፣ የተከበራችሁ። ይህችን የመጨረሻዋን እንኳ ለልማድ ያህል ነው ያልኳት።

ሁለት ደቂቃ ተሰጥቶኛል። አዋላጆችን ወክለሽ ስለ ደግነታቸው ትንሽ ተናግረሽ ተመለሺ ተብያለሁ። ደግነታቸውን ሌላ ሰው ይናገር። እኔ ሃያ አንድ ዓመት አብሬያቸው የሠራሁ አዋላጅ ነኝ፤ የሆስፒታሉ ኮሚቴ ሰብሳቢ አሁን ካነበቡልን የሕይወት ታሪክ ውስጥ ደግሞ አንዲት መስመር ጉሮሮዬ ላይ ተሰንቅራለች። "በገዛ ፈቃዳቸው ወደ መዝገብ ክፍል ተዛውረው ለአምስት ዓመታት በትጋት አገለገሉ" ትላለች።

በገዛ ፈቃዳቸው? ዕድሜ ልኩን ሲያዋልድ የኖረ ሰው በገዛ ፈቃዱ ሄዶ የካርድ አቧራ ያራግፋል? ማን ነው ይህን የጻፈው? የጻፈው ሰው ከፊት ነው የቆመው። ወረቀቷም ኮት ኪሱ ውስጥ ናት።

ለማታውቋቸው ልንገራችሁ። እኛ ማዋለጃ ክፍል ውስጥ "ጆሮ" ነበር የምንላቸው። እሳቸው አያውቁም ነበር። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው። "ጆሮ መጣ" ሲባል ያልተሞላ ቅጽ ያለው ሁሉ እስክሪብቶ ፍለጋ ይራወጣል። ስሙ የወጣላቸው በዚህች ነው፤ ይህችውላችሁ፣ በእጄ ያለችው። የእንጨት መስሚያ። ጥሩምባ ትመስላለች። ሰፊውን አፏን የእናቲቱ ሆድ ላይ ያደርጉና ጆሯቸውን ከላይ ይደግናሉ። አንድ ጣታቸውን ወደ ላይ ያነሳሉ፤ ያኔ ክፍሉ ሁሉ ዝም ይላል። አንድ ደቂቃ። ግማሽ ደቂቃ ቆጥሮ በሁለት ማባዛት የለም። አንድ ሙሉ ደቂቃ። የልብ ምቱን ቆጥረው ሲጨርሱ ነው ጣቱ የሚወርደው።

በየግማሽ ሰዓቱ የልጁን የልብ ምት ሰምተን የምጥ መከታተያው ቅጽ ላይ መጻፍ አለብን። ከመቶ አሥር እስከ መቶ ስድሳ ከሆነ ደህና ነው። መቶ አርባ መሐሉ ላይ ናት፤ ማንንም አታስቀይምም፣ ማንንም አታስጠይቅም። ስለዚህ ያልሰማ ሰው ምን ይጽፋል? መቶ አርባ። ጊዜ ያጣ ምን ይጽፋል? መቶ አርባ። ልጁ ከተወለደ በኋላ ቁጭ ብሎ ቅጹን ከላይ እስከ ታች በአንድ እስክሪብቶ የሚሞላውስ? እሱማ መቶ አርባን እንደ ዶቃ ይደረድራታል።

ሰብሳቢ፣ እርስዎ ያስታውሳሉ? አሥራ አምስት ዓመት ይሆነዋል። የጠዋት ጉብኝት ላይ ነበርን። አንድ ወጣት ሐኪም የሞላው ቅጽ ቀረበ፤ ሲያዩት ያምራል፣ ስርዝ የለው ድልዝ የለው። ዶክተር መነጽራቸውን አወረዱና አነበቡት። ከዚያ በዚያ በቀዝቃዛው ድምፃቸው እንዲህ አሉ፦

"ልጁ ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ ላይ ተወልዷል። አሥር ሰዓት ላይ ደግሞ ሆዷ ውስጥ መቶ አርባ እየመታ ነው ይላል። የማንን ልብ ነው የሰማኸው፣ የኔ ልጅ? የራስህን ነው?"

ሳቅን። እናቲቱ ራሷ ልጇን እያጠባች ሳቀች። አንድ ሰው ብቻ አልሳቀም። ያ ሰው አደገ፣ ተሾመ፣ የምርመራ ኮሚቴ ሰብሳቢ ሆነ፤ ዛሬ ደግሞ የሕይወት ታሪክ አነበበልን። ቅጽ ሞልቶ የለመደ እጅ የሕይወት ታሪክም መሙላት አያቅተውም።

ዶክተር ኦፕራሲዮን ይፈራሉ የሚል ወሬ ነበር። ልብ በሉ፣ ይህን የሚያወሩት አርብ ከሰዓት ሁሉንም እናት ቀደው ቅዳሜና እሑድን በሰላም የሚተኙ ሰዎች ናቸው። አንድ አርብ የመጀመሪያ ልጇን የምታምጥ ሴት ነበረች። ካርዷ ላይ "ምጡ አልገፋም፤ ለኦፕራሲዮን ትዘጋጅ" ተብሎ ተጽፏል። ዶክተር መጡ፣ ሰሙ፣ መረመሩ። ከዚያ የጻፈውን ሐኪም ዞር ብለው አዩትና "ያልገፋው ምጡ ነው ወይስ ሰዓትህ?" አሉት። ለእሷ ሁለቱንም መንገድ አስረዷት፤ ብንጠብቅ ይህ አለ፣ ብንቀድ ይህ አለ፣ አንቺ ምን ትያለሽ ብለው ጠየቋት። እጠብቃለሁ አለች። በርጩማ ሳቡና ሦስት ሰዓት አጠገቧ ተቀመጡ፤ እኔ እንኳ ወገባቸው አሳዘነኝ። በራሷ ጊዜ ወለደች። እንግዲህ ቢላዋ የሚፈራው ሰው ይህ ነው።

አሁን ወደዚያ ሐሙስ ልምጣ። ሆድ ይፍጀው ብዬ አምስት ዓመት ይዤዋለሁ፤ ሆዴ ግን አልፈጀውም።

የምሳ ሰዓት አካባቢ ነው። አሥራ ሁለት ምጥ ላይ ያሉ እናቶች፣ ሁለት አዋላጆች። ሰበብ አላጣም፤ ሰበብማ ሞልቷል። ሰባተኛው አልጋ ላይ አንዲት ልጅ እግር ነበረች፤ የመጀመሪያውን በኦፕራሲዮን የወለደች፣ ሆዷ ላይ ጠባሳ ያላት። ስድስት ተኩል ላይ ልሰማት ነበር፤ አልሰማኋትም። መቶ አርባ ብዬ ጻፍኩ። ሰባት ሰዓት፣ መቶ አርባ። ሰባት ተኩል፣ መቶ አርባ። ስምንት ሰዓት ላይ በአጠገቧ ሳልፍ "ሲስተር፣ ቀለል አለኝ" አለችኝ። "ጎሽ" ብያት አለፍኩ፤ እሷንም መቶ አርባ አልኳት።

አዋላጆች ለምን አንገታችሁን እንደደፋችሁ አውቃለሁ። ሌሎቻችሁ ላታውቁ ትችላላችሁ። ጠባሳ ያላት ሴት ምጧ ድንገት ቀጥ ብሎ "ቀለል አለኝ" ካለች ማህፀኗ ተቀዶ ሊሆን ይችላል። ይህን እኔ ለተማሪ የማስተምር ሰው ነኝ። ዓይኔን በጨው አጥቤ የማስተምር።

ስምንት ተኩል ላይ ዶክተር ገቡ። መስሚያዋን ሆዷ ላይ አደረጉ። ጣታቸው ተነሳ። ጣቱ ሲወርድ "ሰማንያ ስድስት" አሉ። ቅጹን አዩት። ከዚያ እኔን አዩኝ። የተቆጣ ሰው አስተያየት አልነበረም፤ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ይቀለኝ ነበር። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡና እጇን ያዙ።

"ልጄ፣ የበፊቱ ስፌት የለቀቀ ይመስለኛል። አሁን ኦፕራሲዮን ክፍል ካልገባን ልጅሽንም አንቺንም እናጣለን። ማህፀንሽን ግን አተርፋለሁ ብዬ ቃል አልገባልሽም።"

"ለማህፀኔ ኋላ አለቅሳለሁ" አለቻቸው። "አሁን ይግቡ።"

ገቡ። ማህፀኑ ተቀዶ ደም ሆዷን ሞልቶት ነበር። ልጅቷ በሕይወት ወጣች። እናቲቱ ተረፈች። ማህፀኗ አልተረፈም። እንግዲህ የባሏ ወገኖች ሌላ ልጅ የማይወለድ መሆኑን ሲሰሙ ከሰሱ፤ ሦስት ሐኪሞች ኮሚቴ ሆነው ተቀመጡ።

የኮሚቴውን ጥበብ ልንገራችሁ። "ቅጹ ላይ አራት ጊዜ መቶ አርባ ነው፤ ታዲያ ምን አስቸኮለዎት?" አሏቸው። "ጆሮዬ ሰማ" አሉ። ጆሮ ማስረጃ አይደለም ተባለ። አብሮ የገባው ረዳት ሐኪም ቀዳዳውን አይተሃል ሲባል ደም ስለበዛ በደንብ አላየሁም አለ። ወይ ዓይን። ደሙ ከየት የመጣ መሰለው? ማህፀኑን የቀደደው የእርስዎ ቢላዋ ነው አሏቸው። ታዲያ ቅጹ ተሳስቷል ነው የሚሉን ብለው ቢጠይቋቸው፣ ዶክተር "የጻፈችውን ጠይቋት፤ እሷ ታውቃለች" አሉ።

ጠየቁኝ። "ይህ ጽሑፍ የእርስዎ ነው?" አሉኝ። "የእኔ ነው" አልኩ።

አልዋሸሁም። ከውሸት የከፋ እውነት አለ፤ እኔ እሱን ተናገርኩ። ሰምተሻል ወይ ብሎ የጠየቀኝ የለም። ለምን አልጠየቁኝም? ያቺን ጥያቄ የጠየቀ እሱም ይጠየቃላ። ከሦስቱ መሐል ሳይሰማ መቶ አርባ ጽፎ የማያውቅ አልነበረም። እናቲቱንስ? በራሷ ማህፀን ጉዳይ እሷን የጠየቃት ሰው የለም። ይኸው መጥታለች፤ ከኋላ ቆማለች፣ ልጇን ይዛ። የሕይወት ታሪኩን የምታነቡ ሰዎች፣ ዞር ብላችሁ እዩዋት። ዛሬ እንኳ እዩዋት።

ከማዋለጃ ወደ መዝገብ ክፍል ይዛወሩ የሚለው ውሳኔ በወጣ በማግስቱ ዶክተር መተላለፊያው ላይ አገኙኝና መስሚያዋን ከኪሳቸው አወጡ። "ካንቺ ጋር ትሁን፣ ሲስተር" አሉኝ። "እኔ የምሄድበት ክፍል እርጉዝ የለም።" አምስት ዓመት ሙሉ በመዝገብ ክፍሉ በር ሳልፍ እግሬ ይፈጥን ነበር። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። እውነቱን የሚያውቀው ሰው አፉን ከዘጋ ምኑ ይጠራል? እኔም ከፊት ከቆሙት አልሻልም። እነሱ ደህና ልብስ ለብሰዋል እንጂ ያው አንድ ነን።

አንቺ ልጃቸው፣ እህቴ። አምስት ዓመት ሙሉ አባትሽ ተሳስተው ሰው ጎዱ ሲባል ሰምተሻል። አባትሽ አልተሳሳቱም። ያንን ሐሙስ እንደገና ጽፌዋለሁ፤ ሰዓቱን፣ "ቀለል አለኝ" ያለችውን፣ ያልሰማሁትን ሁሉ። ፈርሜበታለሁ። ጠዋት እጅሽ ላይ ያስቀመጥኩት ፖስታ እሱ ነው። ለፈለግሽው ስጪው። ካፈርኩ አይመልሰኝ፤ ከሥራም ያባርሩኝ።

ሰብሳቢ፣ እርስዎም ኪስዎ ውስጥ ካለችው ወረቀት "በገዛ ፈቃዳቸው" የምትለዋን ይሰርዟት። ስርዝ ድልዝ ያለበት ወረቀት ለእርስዎ አዲስ ነው፤ ግን ይለምዱታል።

ዶክተር፣ አሁን እንለያይ። መስሚያዋን አብሬ አልቀብራትም፤ እንዲህ ያለ የሞኝ ሥራ ቢያዩ ይቆጡኝ ነበር። እስኪያባርሩኝ ድረስ ሰኞ ጠዋት ተረኛ ነኝ፤ ሰባተኛው አልጋ ላይም ሰው አይጠፋም።

ንግግር ሲያበቃ አንድ ደቂቃ ዝም ማለት ደንብ ነው። ሁልጊዜ አሥራ አምስት ሰከንድ ሳይሞላ ጉሮሮ ይጠራረግና ያልቃል። ዛሬ አያልቅም። ዛሬ እስከ መጨረሻው እንቆጥራታለን፤ አንድ ደቂቃ ምን ያህል እንደሆነች ሁላችሁም እንድታውቁት። እኔ ያን ሐሙስ ለዚያች እናት የነፈግኳት ይህችኑ ነው።

ሰማንያ ስድስት ነበር፣ ዶክተር። ደህና ይሁኑ።

ሰዓቴን ይዣለሁ። ጣቴን አነሳሁ።