ከግንቡ ሥር ያደረ አፈር

ነይ ሶላንዥ፣ ወደ እሳቱ ጠጋ በይ። የዘንድሮስ ብርድ ጉድ ነው! የወይን ገበሬዎችን ጠባቂ፣ የቅዱስ ቨንሳንን ሐውልት ከቤተ ክርስቲያን ተሸክመን ስንወጣ ጣቶቼ አልታዘዝ አሉኝ። ጉልበትሽ እንዴት ነው? እሰይ... ከአይብ ዳቦው ቅመሽ፣ ገና ትኩስ ነው። በሰው ቤት እኔ ልጋብዝሽ እንዴ? ባለቤቱማ ያውልሽ፣ እየዞረ ይቀዳል። እንዴት ያለ እጅ ነው እግዜር የሰጠው! ሲሰጥ አይንቀጠቀጥ... ሲወስድም አይንቀጠቀጥ።

ወይኑንስ ቀመስሽው? ቶሎ አትዋጪው፣ አፍሽ ውስጥ ይቆይ። ይሄ የእሱ የታችኛው ማሳ ወይን ነው ቢሉሽ ታምኛለሽ? አባቱ ሲጠምቀው፣ ነፍሱን ይማርና፣ እንደ ሆምጣጤ ሰላጣ ላይ ነበር የምናፈሰው። አሁን ግን ያ የቼሪ ሽታው፣ ያ ጉሮሮ ላይ የሚቆየው ነገር... እንባዬ መጣ እኮ! የባሌን የፊርማንን ወይን የቀመስኩ መሰለኝ። ካረፈ ሦስት ዓመት ሆነው፣ ምላስ ግን አይረሳም፣ አይደል?

ምስጢሩን ሲጠይቁት «ትጋት ነው» ይላል አሉ። እውነቱን ነው! ያን ግንብ ከማሳው ግርጌ ያቆመው ተግቶ አይደል? የእኔ ማሳ ከላይ፣ የእሱ ከታች፤ ዝናብ በጣለ ቁጥር አፈሬን እያጠበ ያወርደዋል፣ ግንቡም አቅፎ ይቀበለዋል። እንግዳ ተቀባይ ግንብ ነው! ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባል የለ? አፈርም ይሄዳል... መመለሻውን ነው የሚያጣው።

ፊርማን ዕድሜውን ሙሉ የወረደውን በጀርባው ቅርጫት እያዘለ ሲመልስ ኖረ። የወረደ አፈር የላይኛው ሰው ነው፤ በዚህ ኮረብታ ይሄንን የማያውቅ አለ? እኔም ኅዳር ላይ ቅርጫቴን ይዤ ብወርድ የማሳው በር ተቆልፏል። አዝኖልኝ ነው እኮ! «በዚህ ዕድሜዎ ወገብዎ ይቀጫል፣ እመቤቴ» አለኝ። ደግሞ «ማሳዎ ድንጋይ ብቻ ነው የቀረው፣ ይሽጡልኝና ይገላገሉ» አለኝ። እንዲህ ያለ አሳቢ የት ይገኛል? ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል ያሉት ሰዎች የእኔን አይተው መሆን አለበት። ገና ሳልሸጥለት ግማሹን ወስዶልኛል!

ምን? ድምፄን ከፍ አደረግሁ? ይስማ፣ ምስጋና ነው። ጆሮውማ የቀላው ከእሳቱ ነው...

ዛሬ ምን እንዳስደሰተኝ ልንገርሽ? የቅዱሱ ሐውልት ዓመቱን ቤቱ እንዲቀመጥለት የወይን ገበሬ ማኅበርተኛውን ደጅ ሁሉ ጠንቷል፤ ይኸው ተሳካለት። ደንቡን መቼም ታውቂያለሽ። የአቅመ ደካማ ማኅበርተኛ ማሳ በደቦ ሲሠራ፣ ፊት የሚቀድመው ማነው? ቅዱሱን የያዘው። እኔ ደግሞ ከቅዳሴ ስንወጣ ብድግ ብዬ፣ «ባሌ የሞተብኝ አሮጊት ነኝ፣ አፈሬን መልሱልኝ» አልኳቸው። ሁሉም እጁን አወጣ። እሱም አወጣ እኮ! ቅዱሱን ታቅፎ ስለነበር በአንድ እጁ። ጥያቄዬን በደንብ የሰማ አልመሰለኝም፤ ደስታው ብዙ ነበር፣ ሰውም ያየው ነበር።

ስለዚህ ነገ ጠዋት ሃያ ቅርጫት ይመጣል። በሩን እሱ ይከፍታል፣ የመጀመሪያውን ቅርጫት እሱ ያዝላል፣ እስከ ላይኛው ረድፍ። ወገቡን ለቅዱሱ አደራ ብያለሁ...

በይ ብርጭቆሽን አንሺ። ቤቱ በልተን ጠጥተን ሳንመርቅ ብንወጣ ነውር ነው። ቅዱስ ቨንሳን ዕድሜ ከጤና ይስጠው። ጓዳው አይጉደል፣ በርሜሉ አይንጠፍ። ከኮረብታው ማዶ፣ ከሁሉም በላይ ያለውን መሬት ሰሞኑን ገዝቷል አሉ፤ ይባረክለት! ከበታቹም... እግዚአብሔር ልክ እንደ እሱ ያለ ጎረቤት ይስጠው።