የስሌት ፎርክን ሙላት በገመድ ያሻገሩት ሳጅን ዴልፊያ ሄንስሊ ስታምፐር

ወገኖቼ፣ የወንድሜ የአርቪል ባለቤት የነበሩትን የሳጅን ዴልፊያን የሕይወት ጉዞ አነብላችሁ ዘንድ ቤተሰቡ እኔን ኤመሪን አዝዞኛልና፣ ዕድሜ ተጭኖኝ ተቀምጬ ባነብ፣ ድምፄም ቢሰበር ታገሡኝ።

ሳጅን ዴልፊያ ከአባታቸው ከከሰል ቆፋሪው ከሆባርት ሄንስሊና ከእናታቸው ከወይዘሮ ኦርሊና፣ በምሥራቅ ኬንታኪ በዚሁ በስሌት ፎርክ ሸለቆ እ.ኤ.አ. በ1956 ተወለዱ። ገና ሕፃን ሳሉ ታላቅ እኅታቸውን ደራሽ ውሃ ስለወሰደባቸው፣ ከዚያ ወዲያ ከጉልበት ያለፈ ውሃ ውስጥ ገብተው አያውቁም፤ መዋኘትም አልተማሩም።

የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን እንዳጠናቀቁ ወደ ጦር ሠራዊቱ ገብተው ፓራሹት አጣጣፊ ሆኑ። በዚያ ሙያ አጣጣፊው ራሱ ያጠፈውን ለብሶ ከአውሮፕላን መዝለል ግዴታው ነበርና፣ የሌላውን ሰው ነፍስ በእጅ መያዝ ምን ማለት እንደሆነ በወጣትነታቸው ተረዱ። ለዕረፍት በመጡበት አንድ በጋ፣ ወንድሜ አርቪል በቤተ ክርስቲያናችን ግብዣ ላይ የዶሮ ሾርባውን ደጋግሞ ሲያስሞላ አይተው፣ «ይህን ሰው መመገብ ሠራዊቱም አይችል» ብለው ሳቁ፤ በዓመቱ ተጋቡ፤ ጁዊል የተባለች ሴት ልጅና ዴንቨር የተባለ ወንድ ልጅም አፈሩ።

በጡረታ ሲመለሱ በሸለቆው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ወታደራዊ ሥልጠና የሚከታተሉ ተማሪዎች፣ ማለትም የካዴቶች፣ አሠልጣኝ ሆነው ተቀጠሩ። ከመደበኛው ትምህርት በኋላ የሰንደቅ ዓላማ ተሸካሚዎችን፣ የሰልፍ ትርኢት ቡድኑን፣ የአየር ጠመንጃ ተኳሾቹንና በካርታ መንገድ ፈላጊዎቹን አደራጁ። ከሁሉ አብልጠው የሚወዱት ግን በአንድ ገመድ ወንዝ መሻገርን የሚለማመደውን የውድድር ቡድን ነበር። ልጆቹ በሁለት ዛፎች መካከል ገመድ ወጥረው፣ ወገባቸውን በብረት ቀለበት አያይዘው ሲሻገሩ፣ እሳቸው ዳር ቆመው እያንዳንዱን ቋጠሮ በጣታቸው እየዳሰሱ ይመረምሩ ነበር።

ከዕለታት አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ ቡድኑ ለክልሉ ውድድር ሊሄድ ዕቃውን በአውቶቡስ ጭኖ ሳለ፣ ሌሊቱን በዘነበው ዝናብ ወንዙ ሞልቶ ድልድዩን ወሰደው። እኛ ሙታናችንን የምናስብበትን የመታሰቢያ ቀን ምሳ ልናዘጋጅ ማዶ ወዳለችው ቤተ ክርስቲያን የሄድን፣ አብዛኞቻችን አረጋውያን፣ ከፊታችን ውሃው፣ ከኋላችን መናድ የጀመረው ተራራ ይዞን ቀረን። ደመናው ዝቅ ብሎ ስለነበር ሄሊኮፕተር ሊመጣ አልቻለም።

ልጆቹ ከሳጅን ዴልፊያ ጋር ገመዳቸውን ይዘው ወንዙ ዳር ደረሱ፤ በቀጭን ሲባጎ ጫፍም ክብደት አስረው ደጋግመው ወረወሩልን፤ በመጨረሻ ያዝኩት፣ ወፍራሙንም ገመድ ስቤ በእኛ በኩል ባለ ሾላ ዛፍ ላይ እንደምንም አሰርኩት። የቡድኑ መሪ ሻውና ቲፕተን ቀለበቷን ስታያይዝ ሳጅን ዴልፊያ እጇን ያዙ።

«ሳጅን፣ እርስዎ መዋኘት አይችሉም፤ እኔ ልቅደም» አለቻቸው።

«ልጄ፣ እኔ ብወድቅ እናንተ ትጎትቱኛላችሁ። አንቺ ብትወድቂ ለእናትሽ ምን እላታለሁ? ኤመሪ ያሰረውን እኔ ሳላይ ማንም አይንጠለጠልበትም» አሏት።

ያንን ውሃ እኔ አይቼዋለሁ፤ የሰው ቤት ጣሪያ ተሸክሞ ይሄድ ነበር። ገመዱ መካከል ላይ ሲረግብ ወገባቸው ድረስ ውሃው ውስጥ ነከራቸው፤ ለጥቂት ጊዜ ፈዝዘው ቆሙ፤ ማዶ ያሉት ልጆች ግን በሰልፍ ላይ እንደሚያደርጉት በአንድ ድምፅ እየቆጠሩ ገመዱን ሲወጥሩ፣ እሳቸውም በዚያው ቆጠራ እጃቸውን ማንቀሳቀስ ጀመሩ። ወደ እኛ ሲደርሱ ከንፈራቸው ሰማያዊ ሆኖ ነበር። ዛፉን አይተው፣ «ኤመሪ፣ ይሄ ቋጠሮ ነው ወይስ የጫማህ ማሰሪያ?» ብለው ፈትተው ደግመው አሰሩት።

ዘጠና ዓመት ያለፋቸው ወይዘሮ ቨርሲ፣ «እኔ እንደ ታጠበ ልብስ አልሰጣም» ብለው እምቢ ቢሉ፣ «እሜቴ፣ ዓይንዎን ጨፍነው ይዘምሩ፤ ሌላውን ልጆቹ ይጨርሱታል» አሏቸው። ወይዘሮ ቨርሲም እየዘመሩ በውሃው ላይ ሄዱ፤ እነዚያ ጢም ያላበቀሉ ልጆች እንደ እንቁላል ተቀበሏቸው። እኔም ተሻገርኩ። ሁላችንም ከተሻገርን በኋላ ሳጅን ዴልፊያ በመጨረሻ መጡ፤ ጥቂት ቆይቶም ተራራው ተንዶ የቤተ ክርስቲያኗን አዳራሽ ይዞት ሄደ።  ሰው የምንለው ፍጡር ምን ያህል ታላቅ ሊሆን እንደሚችል ያን ቀን አየሁ። እሳቸው ግን ጭቃው ላይ ተቀምጠው እየተንቀጠቀጡ፣ «ገመዱ ሳይታጠብ ማንም ቤቱ አይሄድም» አሉ።

ውድድሩ በዚያ ዓመት ቡድኑን አመለጠው። ለሳጅን ዴልፊያ የክብር ሜዳልያ ሲሰጣቸውም፣ «ገመዱን የያዙት እነሱ ናቸው» ብለው በእሳቸው ፈንታ እንዲቀበሉ ልጆቹን ላኩ።

በመጨረሻዎቹ ዓመታት የሚያንቀጠቅጥ ሕመም እጃቸውን ነሣቸው። ሻውናና የቀድሞ ካዴቶቻቸው እየተፈራረቁ የልብሳቸውን ቁልፍ ሲቆልፉላቸውና ሾርባ ሲያጎርሷቸው ቆይተው፣ ባለፈው ማክሰኞ በተወለዱ በስድሳ ሰባት ዓመታቸው በቤታቸው ዐረፉ።

ከኋላቸው ባለቤታቸውን አርቪልን፣ ልጆቻቸውን ጁዊልንና ዴንቨርን፣ የልጅ ልጆቻቸውንም ትተዋል። የቀሩትን በስም መጥራት ስለማልችል፣ በእጃቸው የሠለጠናችሁ፣ በገመዳቸውም የተሻገራችሁ፣ እባካችሁ ባላችሁበት ቁሙ።

አርቪል ወንድሜ፣ ዞር ብለህ እይ። ተቀምጠን የቀረነው ጥቂቶች ነን፤ እኔም እስቲ ልቁም።

ጌታ ሆይ፣ ባሪያህን ዴልፊያን ውሃ በማያስፈራበት ዳርቻ ተቀበላቸው፤ ነፍሳቸውን አሳርፍ፤ እኛንም አጽናን። አሜን።