ከአዳራሹ በር ላይ የቆሙት ግብ ጠባቂ፦ የወይዘሮ ቪቬካ ስትራንድ ዜና ሕይወት

ወይዘሮ ቪቬካ ስትራንድ ከአባታቸው ከአቶ ሩነ ስትራንድና ከእናታቸው ከወይዘሮ ኢንገርድ ኖሬን እ.ኤ.አ. በ1953 በዚህችው በሊሴሺል ወደብ ተወለዱ። አባታቸው ዓሣ አስጋሪ ሲሆኑ፣ ከባሕር ሲመለሱ ደግሞ የከተማችንን የእጅ ኳስ ክለብ በሊቀመንበርነት ይመሩ ነበር።

ትምህርታቸውን ሲያጠናቅቁ በአዋላጅነት ሠልጥነው በአውራጃው ሆስፒታል እስከ ጡረታቸው አገልግለዋል፤ ስለዚህም የአገሩ ሰው፣ «ቪቬካ ያልያዘችው ሕፃንና ኳስ የለም» እያለ ይቀልድ ነበር።

ለመጀመሪያ ጊዜ በክለቡ የግብ በር ላይ የቆሙት ገና ተማሪ ሳሉ፣ ነባሯ ግብ ጠባቂ ጣቷ ተሰብሮ ነው። ብዙም ሳይቆዩ ለብሔራዊ ቡድን ተመርጠው፣ ከዴንማርክ ጋር በተደረገ ግጥሚያ የመጨረሻዋን የቅጣት ምት በእግራቸው ካወጡ ወዲህ ፎቶግራፋቸው በዳቦ ቤቱ መስኮት ተለጠፈ፤ በየትምህርት ቤቱም ሴቶች ልጆች፣ «ዛሬ ቪቬካ እኔ ነኝ!» እያሉ በረኛ ለመሆን ይጣሉ ጀመር።

በዚያን ዘመን ግን አዳራሹ አስቀድሞ ለወንዶች ይሰጥ ስለነበር፣ ልጃገረዶቹ የሚለማመዱት ማታ፣ አውቶቡስ መሄዱን ካቆመ በኋላ ነበር። ወይዘሮ ቪቬካ ይህ እንዲለወጥ ቢጠይቁ አባታቸው፣ «አንቺ በርሽን ጠብቂ፤ ክለቡን ለኔ ተይው» አሏቸው። በተከታዩ እሑድ፣ ግጥሚያ በነበረበት ቀን፣ ማሊያቸውን እንደለበሱ መጥተው፣ ሳይገቡ ከአዳራሹ ደጃፍ ቆሙ። እርሳቸውን ብሎ ከመጣው ሕዝብ የሚበዛው፣ እናታቸውም ጭምር፣ በዚያ ንፋስ አብሯቸው ቆመ፤ ቡድኑም ባዶ ወንበር ፊት ተጫውቶ ተሸነፈ።

አባታቸው ወጥተው፣ «በሰው ፊት አዋረድሽኝ» ቢሏቸው፣ «ሰው ፊት ባይሆን መቼ ትሰማኝ ነበር፣ አባዬ?» ብለው መለሱላቸው።

በጸደይ ለልጃገረዶቹም በጊዜ የሚለማመዱበት ሰዓት ተሰጠ። አቶ ሩነ ግን ከሊቀመንበርነታቸው ለቀቁ፤ ልጃቸው ሲጫወቱም ለማየት እምቢ አሉ። ወይዘሮ ቪቬካ የመርከብ ጠጋኙን አቶ ስቴን ሉንድማርክን አግብተው ዳግኒን ከወለዱ በኋላ፣ ጋዜጦች «አበቃላት» ቢሉም እርሳቸው ወደ ግብ በራቸው ሲመለሱ፣ አቶ ሩነ ማንም ሳይጠራቸው መጥተው፣ ጨዋታው እስኪያልቅ ሕፃኗን ታቅፈው ከፊት ወንበር ተቀመጡ። ጠቡን ከዚያ በኋላ ሁለቱም አንስተውት አያውቁም።

ትከሻቸው ተጎድቶ መጫወት ካቆሙ በኋላ ልጃገረዶችን ሲያሠለጥኑ ኖሩ። በደም ካንሰር ታመው በተኙበትም፣ ሊጠይቋቸው የመጡት የቀድሞ ተጫዋቾቻቸው አልጋውን ከበው ሲያለቅሱ፣ «ምነው ሁላችሁም አንድ ቦታ ተከመራችሁ? ክንፉን ማን ይዞታል?» ብለው አሳቋቸው። ባለፈው ሐሙስ ማለዳ፣ ባለቤታቸው እጃቸውን እንደያዙ፣ ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ።

ወይዘሮ ቪቬካ ባለቤታቸውን አቶ ስቴንን፣ ልጆቻቸውን ዳግኒንና ኡልፍን፣ የልጅ ልጆቻቸውን፣ ይህን የማነብላችሁን እኔን ታናሽ ወንድማቸውን ቶርቢዮርንን፣ እንዲሁም ዛሬ በጊዜ ተለማምደው በቀን ወደየቤታቸው የሚገቡትን የከተማችንን ልጃገረዶች ትተው ሄደዋል። የምሕረት ጌታ ነፍሳቸውን ተቀብሎ ያሳርፍልን፤ እኛንም ያጽናን። አሜን።