እጅን ኪስ ከቶ እስከ ሃያ መቁጠር

እንደምን ዋላችሁ። እትዬ፣ አይነሱ እንጂ፤ በጡረታ መሸኛዎ ዛሬ የሚነሳው ሌላ ሰው ነው። እኔ ቀና ብዬ ካየኋችሁ ሁሉም ነገር ስለሚጠፋብኝ ጽፌ መጥቻለሁ፤ ወረቀቴን እያየሁ ላንብብ።

እትዬ እዚህ የሕፃናት ማቆያ የመጡ ቀን እኔ ገና አልተወለድኩም ነበር። ዘበኛችን ጋሼ ግን ነበሩ። ከሃያ ስምንት ዓመት በፊት አንዲት ሴት በሩን አንኳኳች አሉ።

«የማን እናት ነሽ?»

«የማንም።»

«ታዲያ ማንን ልትወስጂ መጣሽ?»

«ማንንም። ልቀጠር ነው።»

ጋሼ ነገሩ አላምር ብሏቸው እስከ ክፍሉ ድረስ ተከተሏት። ሴትዮዋም እንግዳ እንዳትመስል ብላ ካገኘችው የልጆች ወንበር ላይ ቁጭ አለች። የዚያን ጊዜው ዳይሬክተር ሲገቡ ለአክብሮት ብድግ ስትል ወንበሩም አብሯት ብድግ አለ። ዳይሬክተሩ ከኋላዋ አዩና «ወንበሩን ይዞ የመጣ ሠራተኛ አይተን አናውቅም፤ በቃ ተቀጥረሻል» አሏት ይባላል። እትዬ «ያኔ እኮ ቀጭን ነበርኩ» ሲሉ ሁላችንም ሰምተናል። ወንበሩ ሌላ ይመሰክራል።

ልጆቹ «እማማ ኪስ» የሚሏቸው በሽርጣቸው ሁለት ትልልቅ ኪሶች ምክንያት ነው። ከእነዚያ ኪሶች አዝራር፣ ግማሽ የቀለም እርሳስ፣ የቁስል ፕላስተር ሲወጣ አይቻለሁ። አንዴም በወረቀት የተጠቀለለ የወለቀ ጥርስ ወጣ። ለልጁ እናት ሲሰጧት ልክ ንብረት እንደሚያስረክብ ሰው ኮስተር ብለው ነበር።

ጽዳት የምትሠራው እህታችንም የራሷ ቂም አላት። አንድ ልጅ ከእንጨት ጡብ ግንብ ሠርቶ ሄደ።

«እትዬ፣ ይሄን ያፍርሱልኝና ልጥረግ!»

«ባለቤቱ ነገ ይመጣል።»

«ባለቤቱ እኮ አራት ዓመቱ ነው!»

«ታዲያ የአራት ዓመት ሰው ቤት የለውም?»

ሦስት ሳምንት ሙሉ ዙሪያውን ስትጠርግ ከረመች።

እኔ የእትዬ ረዳት ሆኜ ሥራ የጀመርኩ ቀን ሁለት ልጆች አንዲት የመጫወቻ ጋሪ ይዘው ይጓተቱ ነበር። ስሮጥ እትዬ ክንዴን ለቀም አደረጉኝ።

«ወዴት ነው?»

«ላገላግል።»

«ማን ተጋደለ? እጅሽን ኪስሽ ክተቺና እስከ ሃያ ቁጠሪ።»

«ቢማቱስ?»

«እጅ ከተነሳ እኔ ቀድሜ እደርሳለሁ። አፍ ከሆነ ግን ይናገሩበት። አሁን ገብተሽ ከፈረድሽላቸው ዕድሜ ልካቸውን ዳኛ ሲፈልጉ ይኖራሉ።»

አስራ አራት ላይ አንደኛው «አንተ ግፋ፣ እኔ ልጫን» አለ። አስራ ስምንት ላይ ጋሪው ሰው ጭኖ ግቢውን ይዞር ነበር። ሃያ ስደርስ ጥሉ የለም።

ልጃቸው ይኸው እዚህ ተቀምጣለች፤ ቤት ውስጥም እንዲሁ እንደሆኑ ነግራኛለች። ከወንድሟ ጋር ሲጨቃጨቁ የእናታቸው ከንፈር ይንቀሳቀሳል። አንድ ቀን እየቆጠሩላቸው ሳለ ወተቱ ገንፍሎ ምድጃውን አለበሰው። ይሳቁ እትዬ፣ እውነት ነው።

የሚቆሙበት ቦታ ግን በዘፈቀደ የተመረጠ አይደለም። በሩም፣ አሸዋውም፣ መወጣጫውም በአንድ ጊዜ የሚታይበት ቦታ ነው። አንድ ልጅ ከመወጣጫው ሲንሸራተት እኔ «ወይኔ» ብዬ ሳልጨርስ እሳቸው ከታች ተቀብለውት ነበር።

እስካሁን ያወራሁት ደስ የሚለውን ነው። አሁን ሆዴን የሚያቃጥለኝን ልናገር።

ባለፈው ወር አንድ ገምጋሚ ቅጽ ይዘው መጡ። በዚያን ሰሞን አንዲት ልጅ ነበረችን፤ ከገባች ሦስት ወሯ፣ አንድም ቃል ተናግራልን የማታውቅ። የዚያን ቀን አሸዋው ጋ ቀይ ባልዲ ለመያዝ ተራዋን ስትጠብቅ ቆይታ፣ ገና እንደያዘችው ሌላ ልጅ ነጠቀቻት። እትዬ እጃቸውን ኪሳቸው ከተቱ። እኔም ከተትኩ። ገምጋሚው እኛን ያያሉ፤ ልጆቹን አያዩም። አስር አለፈ፣ አስራ አምስት አለፈ። አስራ ዘጠኝ ላይ ያቺ ልጅ «የኔ ተራ ነው!» ብላ ጮኸች።

ሌላዋ ደንግጣ ባልዲውን መለሰችላት። እትዬ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ዓይናቸውን በሽርጣቸው ጠረጉ።

ቅጹ ላይ ምን ተጻፈ? ቃል በቃል ላንብብላችሁ። «ልጆች ሲጣሉ ሞግዚቷ እጇን ኪሷ ከታ ቆማለች። በመጨረሻም ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራለች። የሥራ ተነሳሽነት፦ ደካማ።»

ደካማ! ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ ጎንበስ ቀና ያለች ሴት ደካማ! ሐኪም የልብ ምት ሲያዳምጥ ዝም ይላል፤ ሰነፍ ነው እንዴ? የእትዬ የመጨረሻ ግምገማ ይህ ነው። በመዝገባቸው ላይ ተፈርሞበት ተቀምጧል፤ ነገ መዝገቡ ሲዘጋም እንደዚሁ ይዘጋል። ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ደግሞ «ጥል ሲነሳ ሞግዚት ወዲያውኑ ትገላግል» የሚል ተለጥፏል። ማለትም ያቺ ልጅ ነገ ባልዲዋን ብትነጠቅ፣ አፏን ሳትከፍት እኛ እንናገርላታለን።

ከዚያ ቅጽ ግርጌ አንድ መስመር አለች፤ እሷ የኔ ናት። ገምጋሚው ወደኔ ዞረው «ሁልጊዜ እንዲህ ነው የምትቆመው?» አሉኝ። እኔ «አዎ» አልኩ። ለምን እንደሚቆሙ መናገር ስችል አንገቴን ደፍቼ «አዎ» ብቻ አልኩ። እሳቸውም «ረዳቷም ይህንኑ አረጋግጣለች» ብለው ጻፉ። እትዬ ሲሰሙ አንዲት ቃል አልወቀሱኝም። ዕቃ ቤት ገብቼ ሳለቅስ አገኙኝና «ተይው እቱ፣ ወረቀት ነው» አሉኝ።

ይቅርታ ያድርጉልኝ እትዬ፣ ወረቀት ብቻ አይደለም። የእርስዎ ስም ነው ያለበት።

ከእርስዎ የተማርኩትን ሥራ የትኛውም ትምህርት ቤት አላስተማረኝም። ልጅን ማመንን፣ ቶሎ አለመፍራትን ከእርስዎ አየሁ። እኔንም ሳልናገር ስቀር አላቻኮሉኝም። ስለዚህ ሁሉ እግዜር ይስጥልኝ።

በዚህ ሳምንት አንድ ደብዳቤ ጽፈናል። በዚያን ቀን የሆነውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይናገራል፤ የኔንም መልስ ያርማል። ሞግዚቶቹ ሁሉ ፈርመውበታል፤ ጋሼ፣ ወጥ ቤቷ፣ ጽዳቷ እህታችንም ፈርመዋል። የልጅቷ እናት ዛሬ ጠዋት በር ላይ ቆማ ፈረመች። የምንጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ ያ ግምገማ ከመዝገቡ ይሰረዝ። የጎደለው የዳይሬክተራችን ፊርማ ብቻ ነው።

አሁን ብርጭቋችሁን አንሱ። እትዬ፣ ዕድሜ ከጤና ጋር ይስጥዎት። ጠዋት ማንም ሳይቀሰቅስዎ ይተኙ፣ ጉልበትዎ አይታመም፣ የልጅ ልጆችዎን አቅፈው ይሳሙ። መንገድዎ ሁሉ የቀና ይሁን። ለእትዬ!

ሁላችሁም ጠጡ። ዳይሬክተራችን፣ እርስዎ ግን መጀመሪያ ይፈርሙልን፤ ደብዳቤው ይኸው፣ እስክሪብቶም ይዣለሁ።