መብራት በጠፋበት ሰዓት የተነሣ እሳት

ደብረ ብርሃን፣ እሑድ ረፋድ፤ የእድሩ ዕቃ ቤት ከነድንኳኑ ከተቃጠለ አራተኛ ቀኑ ነው፤ የእድሩ ጸሐፊ፣ ጡረተኛው የፊዚክስ መምህር አቶ አድማሱ፣ የቀድሞ ተማሪያቸው ስንዱ ወደምትሠራበት ጠባብ የሞባይል ጥገና ሱቅ ገብተው በሩን ከኋላቸው ዘግተዋል።

ስንዱ፦ አልጽፍም ጋሼ። ሦስት ጊዜ አልኩ፤ አራተኛውን ሳያስብሉኝ ሻይ ልዘዝልዎት።

አድማሱ፦ ሻይ አልፈልግም። የምፈልገው ሁለት መስመር ጽሑፍና የሱቅሽን ማኅተም ነው። «በባትሪ የሚሠራ ዕቃ መብራት በሌለበት ሰዓት እሳት ሊያስነሣ አይችልም» ብለሽ ትፈርሚያለሽ፤ በቃ።

ስንዱ፦ ለማን ነው የሚቀርበው?

አድማሱ፦ ለጠቅላላ ጉባኤው። ስምንት ሰዓት ላይ እንሰበሰባለን። አንዳንድ ወሬኛ «ከዕቃ ቤቱ ሶኬት ላይ የቀለጠ ቻርጀር አየን» እያለ ያናፍሳል። ወሬው ሥር ሳይሰድ በባለሙያ ቃል ልቆርጠው ነው።

ስንዱ፦ የማን ቻርጀር ይሆን?

አድማሱ፦ የአንድ ሰው።

ስንዱ፦ ሰው መሆኑንማ ገምቻለሁ፤ ዝንጀሮ ቻርጀር አይሰካም።

አድማሱ፦ አትቀልጂ ስንዱ! ሰው ከእድር ሊሰናበት ነው።

ስንዱ፦ ጋሽ ጥላዬ።

አድማሱ፦ የዕቃ ቤቱ ኃላፊ እሱ ነው። ረቡዕ ዐሥር ሰዓት ላይ መብራት ጠፋ። ዐሥራ አንድ ሰዓት ላይ ጥላዬ ለሐዘን ቤት ብርጭቆ ሊያወጣ ሻማ አብርቶ ገባ። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ድንኳኑ ነደደ። መብራት የለም፤ ሻማ አለ። ከዚህ የቀለለ ስሌት አስተምሬሽ አላውቅም።

ስንዱ፦ እሳቸውስ ምን አሉ?

አድማሱ፦ «ሻማ ይዤ ገብቻለሁ» አለ። ቃሉን ዓርብ ዕለት ራሴ መዝግቤያለሁ።

ስንዱ፦ «አቃጥያለሁ» ብለዋል?

አድማሱ፦ አላለም። አላቃጠልኩም ብሎም አልተከራከረም። ንጹሕ ሰው ሲወነጀል ዝም ይላል እንዴ?

ስንዱ፦ እንደ ሰውየው ነው። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን እንዳይሆን ብቻ።

አድማሱ፦ ደንቡን እኔ አላወጣሁትም። «በቸልተኝነት የእድሩን ንብረት ያጠፋ አባል ይሰናበታል» ይላል። ለማንም አያዳላም።

ስንዱ፦ ሚስታቸው እትዬ ብርቄ ስምንት ወር ሙሉ የአልጋ ቁራኛ ናቸው። ሐኪሙ ወደ ቤት የመለሳቸው ተስፋ ቆርጦ ነው። ጋሽ ጥላዬ በዚህ ከተማ ዘመድ የላቸውም፤ ልጅ አልወለዱም። ዛሬ ስምንት ሰዓት ላይ ከእድር ከወጡ፣ ነገ ያችን ሴት ማን ይቀብራታል? ማን ጥሩንባ ይነፋላታል?

አድማሱ፦ እሱን አልረሳሁትም። አራት ቀን ሙሉ እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም።

ስንዱ፦ ታዲያ እንቅልፍ ከነሣዎት ይህን ወረቀት ሊያስፈርሙኝ ለምን መጡ?

አድማሱ፦ ነገርኩሽ፤ የአንድ ሰው ስም አለበት። ስም ከመቃብር በላይ ነው።

ስንዱ፦ መቃብር ለሚቆፈርለት ሰው ነዋ!

አድማሱ፦ ምላስሽ ያኔም እንዲሁ ነበር። ዘጠነኛ ክፍል ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጠሽ እንዲሁ ታቆስይኝ ነበር።

ስንዱ፦ ዘጠነኛ ክፍል ያስተማሩኝን ላንሣልዎት? «ጉልበት ከመልክ ወደ መልክ ይለወጣል እንጂ አይጠፋም» ብለው አስጽፈውናል። መብራት ቢጠፋ ባትሪው የጠጣው ወዴት ይሄዳል? ሆዱ ውስጥ ነው። ለዚያ ሲባል አይደል ባትሪ የሚባለው! መብራት ከሌለ ባትሪ አይነድም ብዬ ብፈርም የራስዎን ትምህርት ነው የምሰርዘው።

አድማሱ፦ ነገር ግን ባትሪ ሁሉ አይነድም። እኔስ ስልኬን ስንት ዘመን ሰክቼ ትቼ ወጥቻለሁ።

ስንዱ፦ ደኅናው ባትሪ አይነድም። የቆሰለው ግን አንዴ ውስጡ መጋል ከጀመረ፣ ከሶኬት ቢነቅሉትም ራሱን በራሱ ያበስላል። ለአንድ ሰዓት ዝም ብሎ ሊቆይ ይችላል፤ ከዚያ እንደ ጥይት ነው። ይልቅ ይንገሩኝ፤ ያ «አንድ ሰው» ምን ነበር የሰካው?

አድማሱ፦ ... የሚጨስ ነገር።

ስንዱ፦ ኤሌክትሮኒክ ሲጋራ።

አድማሱ፦ ድምፅሽን ዝቅ አድርጊ!

ስንዱ፦ በሩን ራስዎ ዘግተውታል። ጥቁር፣ ጫፉ ላይ የተጫረ፣ ሚንት ሚንት የሚል። ጥቅምት ላይ ባትሪው ሞቶ ያመጣልኝ ሰውዬ «የወንድሜ ልጅ ነው» ብሎኝ ነበር። የወንድሙ ልጅ ዕቃ በደረት ኪሱ ተቀምጦ፣ አፉ ሚንት ሲሸት እንኳ እሺ ብዬ ዋጥኩለት።

አድማሱ፦ ታውቂ ኖሯል።

ስንዱ፦ መምህሬን አላዋርድም ብዬ ነዋ።

አድማሱ፦ እንግዲያ ስሚኝ። ሠላሳ ስድስት ዓመት አጭሻለሁ። በትምህርት ቤት ሽንት ቤት ኋላ ሲያጨሱ የተገኙ ልጆችን በእጄ ፈርሜ አባርሬያለሁ፤ እኔ ራሴ ማታ ማታ በጓሮ እየተደበቅሁ። ባለቤቴ ሳንባዬ መታመሙን ሰምታ አለቀሰች፤ በመስቀል ምዬላት ተውኩ። ይህ ነገር እሳት የለውም፣ ጭስ አይደለም ሲሉኝ መሐላዬን ያላፈረስኩ መሰለኝ። ቤት ውስጥ ማስቀመጥ አልቻልኩም። የዕቃ ቤቱ ሁለተኛ ቁልፍ እኔ ጋ ነው። ረቡዕ መብራት ሳይጠፋ እዚያ ሰካሁት።

ስንዱ፦ በምን ቻርጀር ነው የሰኩት?

አድማሱ፦ በስልኬ ቻርጀር። አንቺ የሰጠሽኝ ቤት ቀርቶ ነበር።

ስንዱ፦ ፈጣን በሚባለው?

አድማሱ፦ ቶሎ እንዲሞላ ብዬ።

ስንዱ፦ ባትሪውን ቀይሬ ስሰጥዎት ምን ብዬ ነበር? «በራሱ ቻርጀር ብቻ፤ በሴራሚክ ወይም በድንጋይ ላይ፤ ዓይንዎ እያየው፤ ሲሞላ ይንቀሉት» አላልኩም? የት ላይ አስቀመጡት?

አድማሱ፦ ሶኬቱ ከታች ነው። ድንኳኑ ታጥፎ እዚያው ተደርድሯል።

ስንዱ፦ ድንኳኑ ላይ!

አድማሱ፦ እጥፋቱ ውስጥ። ጥላዬ ቢገባ እንዳያየው።

ስንዱ፦ ከዚያ በፊትስ ምንም ምልክት አላሳየዎትም? አልጋለም? አላበጠም?

አድማሱ፦ ኅዳር ላይ ከቤተ ክርስቲያን ደረጃ ላይ ወድቆብኝ ነበር። የባትሪው ሽፋን ትንሽ ተላጠ፤ በቁስል ፕላስተር ጠቀለልኩት። ከዚያ ወዲህ እጅ ላይ ይሞቅ ነበር። ብርድ ነው፣ ሙቀቱ ደግ ነው አልኩ።

ስንዱ፦ ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ለዚህ ነበር። ይቺ በር ላይ ያለችውን አሸዋ የሞላች ጣሳ ያያሉ? ያበጠና የቆሰለ ባትሪ የምጥልባት ናት። ያኔ ቢያመጡልኝ ኖሮ፣ እዚያች ውስጥ ወርውሬው ዛሬ ሁላችንም ቅዳሴ አስቀድሰን ቤታችን በሆንን።

አድማሱ፦ አንቺም ብትሆኚ... እንዴት ያለ ባትሪ ነው የሰጠሽኝ? የተሻለ ዕቃ ሰጥተሽኝ ቢሆን አንድ ጊዜ ወድቆ ይቆስል ነበር?

ስንዱ፦ ይህን እስኪጠይቁኝ ነው የጠበቅሁት። አዲስ አልነበረም። ከአሮጌ ላፕቶፕ ባትሪ ውስጥ ያወጣሁት ነው። ለክቼዋለሁ፣ ደኅና ነበር፤ ነገር ግን አሮጌ መሆኑን አልነገርኩዎትም።

አድማሱ፦ አየሽ! እንግዲያ ጥፋቱ የእኔ አይደለም።

ስንዱ፦ ቀለል አለዎት?

አድማሱ፦ በጥቂቱ።

ስንዱ፦ ቀለል ካለዎት ይውሰዱት። ግማሹ የእኔ ነው። ግማሼን ይዤ ጉባኤው ፊት እቆማለሁ፤ የተረፈውን ግማሽ ማን ይሸከመዋል? ጋሽ ጥላዬ?

አድማሱ፦ ብትናገሪ ማን ሁለተኛ ስልኩን ይሰጥሻል? ሱቅሽን ነው የምትዘጊው። አስቢ እንጂ! እኔም አስቤያለሁ፤ ድንኳኑን በስውር እተካለሁ። ለጥላዬም ማስጠንቀቂያ ብቻ እንዲሰጠው የእድሩን ዳኛ እለምናለሁ። ማንም አይጎዳም።

ስንዱ፦ ድንኳን ይተካል። «አቃጣዩ ጥላዬ» የሚለውን በምን ይተኩታል? በየለቅሶው አዲሱን ድንኳን ባዩ ቁጥር እሳቸውን አይደል የሚጠቋቆሙባቸው?

አድማሱ፦ እኔስ? በስድሳ ስምንት ዓመቴ፣ ያባረርኳቸው ልጆች ሽማግሌ ሆነው በተቀመጡበት ጉባኤ፣ ሚስቴ በሴቶቹ መቀመጫ ባለችበት፣ «ተደብቄ ሳጨስ ድንኳናችሁን አቃጠልኩ» ልበል? ሞት ይሻለኛል።

ስንዱ፦ ሞትም ቢሆን እድር ይፈልጋል።

አድማሱ፦ ጨካኝ ሆነሻል።

ስንዱ፦ ጨካኝ ብሆን ከሐሙስ ጀምሮ አደባባይ ላይ በጮኽኩ። መሐላ አፌን ዘግቶት ነው።

አድማሱ፦ የምን መሐላ?

ስንዱ፦ ልንገርዎት ወይስ እንደ ማልኩ ልቅር እያልኩ ሦስት ቀን ከራሴ ጋር ስሟገት ነበር። ይቅርታ እትዬ ብርቄ! ጋሽ ጥላዬ በስምዎ አስምለውኝ ነበር። ይህን ጨርቅ ይፍቱት ጋሼ።

አድማሱ፦ ይህ... ይህ የት ተገኘ?

ስንዱ፦ የሲጋራዎ ቆርቆሮ ነው፤ ባትሪው ሆዱ ፈንድቶ እንደዚያ ተቀደደ። ጋሽ ጥላዬ ሐሙስ ጠዋት አመዱን ሲጠርጉ አገኙት። «ስንዱ፣ ይህ የምን ዕቃ ነው?» ብለው አመጡልኝ። እኔም ሳላስብ ነገርኳቸው። ያቺ የተጫረች ጫፍ ታየቻቸው።

አድማሱ፦ የማን እንደሆነ ነገርሽው?

ስንዱ፦ እኔ አልነገርኳቸውም። «ዕቃ ቤቱ ሚንት ሚንት ይሸተኝ ነበር፤ ሌላው ቁልፍ ያለው አንድ ሰው ነው» አሉ። ከዚያ በጨርቅ ጠቅልለው ሰጡኝና «ጣዪው፤ ለማንም አትንገሪ» አሉ።

አድማሱ፦ ሐሙስ? ቃሉን የተቀበልኩት ዓርብ ነው። እያወቀ ነው እንዴ ፊቴ የቆመው?

ስንዱ፦ እያወቁ።

አድማሱ፦ ዓይን ዓይኔን ያየኝ ነበር። እኔ ደግሞ «ተከሳሹ ጥፋቱ ተሰምቶት አንደበቱ ተሳስሯል» ብዬ ጻፍኩ። ለምን? ለምን አልተናገረም? ሚስቱ እየሞተችበት!

ስንዱ፦ እኔም ይህንኑ ጮኼ ጠየቅኋቸው። «በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ቀን ድንጋይ ስሸከም ውዬ ስመጣ፣ እጄን በእጁ ይዞ ስሜን ያስጻፈኝ እሱ ነው። ከዚያ በፊት በአውራ ጣቴ ነበር የምፈርመው። ፊደል ያስቆጠረኝን ሰው በሸንጎ አላሳፍረውም፤ ለብርቄ እግዚአብሔር ያውቅላታል» አሉኝ።

አድማሱ፦ እኔ ያስጻፍኩትን ስም ልሰርዝ ነበር።

ስንዱ፦ ጋሼ? ይቀመጡ እንጂ፤ ውኃ ላምጣልዎት።

አድማሱ፦ ተይው፤ በሩን ክፈቺልኝ። አንቺ ስምንት ሰዓት ላይ ጉባኤው ጋ ነይ፤ አሁን ግን አትከተይኝ። ጥላዬ ቤት ብቻዬን ነው የምሄደው፤ ሕዝብ ፊት ከማፈሬ በፊት እሱ ፊት ልፈር።