እስከዚህ ደጅ

ከኦሞ ወንዝ በላይ ባለች አንዲት የወላይታ መንደር፣ ክረምት፣ ከሰዓት በኋላ፤ ወንጌል ይዞ ወንዙን ሊሻገር ከሄደ ወዲህ ባልተመለሰው በወንጌላዊ ጮራሞ ቤት ውስጥ፣ ሚስቱ ማሎሬና የአጥቢያው ሽማግሌ አንጁሎ፤ በሩ ተዘግቷል።

ማሎሬ፦ በርጩማው ላይ አይቀመጡ አልኩዎት እኮ፣ ጋሽ አንጁሎ። መደቡ ሰፊ ነው።

አንጁሎ፦ መደቡ ይቀዘቅዛል። ዝንጀሮ እንኳ መጀመሪያ መቀመጫዬን አለች ይባላል። ይህን ዳገት ወጥቼ ለመጣሁ ሽማግሌ በርጩማ ትነፍጊኛለሽ?

ማሎሬ፦ ባለቤት አለው።

አንጁሎ፦ ባለቤቱ ሲመጣ እነሣለታለሁ። ተስማማን?

ማሎሬ፦ ቃልዎን አይርሱ።

አንጁሎ፦ አልረሳም። ይልቅ ወደ ነገራችን እንመለስ። እሁድ ጉባኤው ፊት ትቆሚያለሽ፤ «ጌታ ጸሎታችንን ሰማ፤ ባሌ ሕያው ነው» ትያለሽ፤ ትቀመጫለሽ። አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። ምን ያስቸግራል?

ማሎሬ፦ ውሸት ስላጠረ እውነት አይሆንም።

አንጁሎ፦ ምኑ ነው ውሸቱ? የነገርኩሽን ልብ ብለሽ አልሰማሽም። ከማዶ ሰዎች መጥተዋል። ውሃው ስለሞላ በላይኛው ድልድይ ዞረው፣ ጭቃ ለብሰው ነው የደረሱት። «አጥምቁን» አሉ። እኛ ማንንም አልላክንም፤ ማን አስተማራችሁ ብንላቸው፣ ከእናንተ ዘንድ የመጣ ሰው አሉ። ስሙን ብንጠይቅ ጮራሞ አሉን። ሽማግሌዎቹ ሁሉ አለቀሱ። እኔም አለቀስኩ። መንደሩ «የቁራ መልእክተኛ» እያለ ሲያላግጥበት የኖረው ሰው፣ ለካ ሥራ ላይ ነው።

ማሎሬ፦ እንግዶቹን ምን አበላችኋቸው?

አንጁሎ፦ ቆጮ በጎመን። ምን አገናኘው?

ማሎሬ፦ እሱስ እነሱ ዘንድ ይበላል?

አንጁሎ፦ ጾመኛ ነው አሉ። ሲያቀርቡለት «ቤቴ ስደርስ» ይላል አሉ።

ማሎሬ፦ መቀመጫ ሲሰጡትስ?

አንጁሎ፦ ቆሞ ነው የሚያስተምረው። ትጉህ ነው፤ ድሮም ትጉህ ነበር።

ማሎሬ፦ ድሮማ ሰነፍ ነበር። እርስዎ መድረክ ላይ ነው የሚያውቁት፤ እኔ ቤት ውስጥ ነው የማውቀው። ስብከቱ ገና ሳያልቅ ዓይኑ መቀመጫ ይፈልግ ነበር። ይህን በርጩማ ራሱ ነው የጠረበው፤ አንዱ እግሩ አጥሮበት ድንጋይ ከሥሩ ያደርግለት ነበር። ከዚያ ላይ ተነሣና እንጨት ፍለጥልኝ እያልኩ ስንት ቀን ተጣልቼዋለሁ።

አንጁሎ፦ ጌታ ሰውን ይለውጣል።

ማሎሬ፦ ልብሱ እርጥብ ነው አላሏችሁም?

አንጁሎ፦ ማን ነገረሽ?

ማሎሬ፦ በበጋም እርጥብ ነው ብለዋችኋል።

አንጁሎ፦ ወንዝ የሚሻገር ሰው ልብሱ ቢረጥብ ምን ይገርማል?

ማሎሬ፦ አይገርምም። እነሱ ግን የሚኖሩት ከውሃው ብዙ ርቀው ነው። ሁልጊዜ እርጥብ ከሆነ ሁልጊዜ ይሻገራል ማለት ነው። ወዴት ነው የሚሻገረው?

አንጁሎ፦ ወዴት ይሆን... እኔ ምን አውቃለሁ።

ማሎሬ፦ ወደዚህ ነዋ።

አንጁሎ፦ ማሎሬ፣ እህቴ። ብቸኝነት ክፉ ነው። ባለቤቴም ብላኛለች፣ ከልጆቻችን አንዷ ማሎሬ ዘንድ ትደር፣ ብቻዋን ማደሩ ይጎዳታል ብላኛለች።

ማሎሬ፦ ብቻዬን አይደለሁም እኮ። እሱ ነው ችግሩ። ፀሐይ ከጓሮው እንሰት ኋላ ጠለቅ ስትል ጮራሞ ይመጣል። ዱላው ጫፉ ላይ ብረት ነበረው፤ በዱላው በሩን ይመታል። መጀመሪያ ጊዜ ሮጬ ከፈትኩ። ማንም የለም። ደፉ ግን ውሃ አቁሯል። የእግር ዱካ አየሁ፤ ከወንዙ በኩል መጥቶ በሩ ጋ ያበቃል። ወደ ውጭ የሚመለስ ዱካ የለም። በማግሥቱም መጣ። ዶሮዎቼ እዚያ ደፍ ላይ መጫር ትተዋል። ውሻው ግን አይፈራውም፤ ጭራውን ይቆላል። እኔን ከሁሉም የከፋኝ የውሻው ደስታ ነው።

አንጁሎ፦ ይህ ሙታን ይመላለሳሉ የሚል የድሮው ነገር ነው። እኛ ከዚያ ወጥተናል። አባትሽ ለሙታን ያርድ ነበር፤ አንቺ ግን የተጠመቅሽ ነሽ።

ማሎሬ፦ እኔ ሙት ጠርቼ አላውቅም። የጠሩት እርስዎ ነዎት።

አንጁሎ፦ እኔ?

ማሎሬ፦ ጮራሞን ያሻግር የነበረው የታንኳ ቀዛፊ የመጣ ቀን እዚሁ ቤት ነበሩ። ታንኳው ተገለበጠ፣ ዓይኔ እያየ ውሃው ወሰደው አለ። እኔ ልጮህ አፌን ስከፍት እርስዎ ያዙኝ። ሬሳ ሳይታይ ማልቀስ እምነት ማጣት ነው አሉኝ። ድንኳን አልተተከለም። ነጠላዬን አልዘቀዘቅኩም። ለቅሶዬን ነጥቀው በምትኩ ጸሎት ከፈቱ።

አንጁሎ፦ ጸሎት ብከፍት ምን አጠፋሁ?

ማሎሬ፦ ቃሉን ያስታውሱታል?

አንጁሎ፦ እንዴት አላስታውስ። አጥቢያው ሁሉ በተራ ጸልዮታል። አንዱ ቤት ሲጨርስ ሌላው እየተቀበለ፣ ቃሉ ሳይለወጥ። «ጌታ ሆይ፣ እስከዚህ ደጅ እስክታደርሰው ድረስ፣ ባሪያህ ጮራሞ በመንገድ አይቀመጥ፤ እግሩ አይረፍ፤ ቃልህን ከመናገር ዝም አይበል።»

ማሎሬ፦ አሜን ያላለ አልነበረም። እኔም ብያለሁ።

አንጁሎ፦ ታዲያ ምኑ ነው ክፉው? ያማረ ጸሎት ነው።

ማሎሬ፦ ያማረ ነው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ። እሱ እኮ የዚያኔ ወንዙ ውስጥ ነበር። እናንተ አይረፍ አላችሁ፤ አላረፈም። ዝም አይበል አላችሁ፤ ይኸው ማዶ ይናገራል። እስከዚህ ደጅ አላችሁ፤ እስከ ደጅ ይመጣል። ይግባ ያለ የለም። ስለዚህ አይገባም፤ ይመለሳል፤ ደግሞ ይሻገራል። ያልተሰማ ጸሎት ይሻለኝ ነበር፣ ጋሽ አንጁሎ። ይህ የተሰማው ነው የገደለኝ።

አንጁሎ፦ ያ ጸሎት ከቆመ እኮ ቆይቷል። አንዱ ልጅ ወለደ፣ አንዱ ከብት ጠፋው፤ ተራው ተቋረጠ።

ማሎሬ፦ ተቋረጠ እንጂ አልተዘጋም። የቤተ ክርስቲያናችን ሥርዓት ምንድን ነው? የተራ ጸሎትን የከፈተው ነው የሚዘጋው። እናንተው አስተማራችሁን። እኔ ብቻዬን ተንበርክኬ አሜን ብዬ ልዘጋው ሞክሬያለሁ። በማግሥቱ መጣ። የእኔ አልነበረምና።

አንጁሎ፦ ቆይ። አንድ ነገር ልንገርሽና ልብሽ ይረፍ። ማዶ ያለው ሰው ጮራሞ ላይሆን ይችላል። ስሙ አንድ ይሆናል እንጂ። የእኛ ጮራሞ በዚህ በር ሲገባ ያጎነብስ ነበር። የእነሱ አጭር ነው አሉ። የልጅ ቁመት ነው ያለው አሉ።

ማሎሬ፦ ከመጀመሪያውም አጭር ነበር አሉ፣ ጋሽ አንጁሎ?

አንጁሎ፦ ሽማግሌያቸው... ሽማግሌያቸው መጀመሪያ ሲመጣ ረጅም ነበር አለ። ሲመላለስ አጠረ አለ። እኛ ሳቅን። ማዶዎች ሲያወሩ ያጋንናሉ ብለን ሳቅን።

ማሎሬ፦ የበሩን ሥር ይዩት። ይህን ክፍተት። አንድ ቀን እዚያ በሆዴ ተኝቼ ጠበቅኩት። ፊቱን ባላየው እግሩን ልየው ብዬ። የጎማ ጫማው ካለቀ ቆይቷል። አሁን የሚያልቀው እግሩ ነው። ቁርጭምጭሚት የለውም።

አንጁሎ፦ ጌታ ሆይ።

ማሎሬ፦ አሁን ጌታን ጠሩት። አይዞዎት፣ ይቀጥሉና ይዝጉት። ለዚህ ነው መጡ ሲሉኝ ደስ ያለኝ። እርስዎ ምስክርነት ሊጠይቁኝ መጡ፤ እኔ አሜን ልጠይቅዎት ጠበቅኩ።

አንጁሎ፦ ማሎሬ... እንዴት ብዬ ልንገርሽ። ማዶ ሁለት መንደሮች ሊጠመቁ ተዘጋጅተዋል። ሦስተኛው ገና እየሰማ ነው። ዛሬ ብዘጋውና ያ ሰው ቢቀርባቸውስ? ስንቱን ዓመት አልቅሰን የለመንነው መከር ነው። እኔ ማን ነኝና ጌታ የጀመረውን አቋርጣለሁ?

ማሎሬ፦ ሕያው እግር ጠፋ ወይ? እርስዎ አይሄዱም?

አንጁሎ፦ የእኔን ጉልበት ታውቂዋለሽ። ይህን ዳገት እንኳ ስንት ጊዜ ቆሜ ነው የወጣሁት።

ማሎሬ፦ የሱ ጉልበት ደግሞ መሬት ሊነካ ነው።

አንጁሎ፦ እንዲህ አትበይ።

ማሎሬ፦ ምን ልበል? ሁለታችሁንም ጉልበታችሁን አሟችኋል። አንዱ በርጩማ ላይ ተቀምጧል፣ አንዱ ይሄዳል። የተቀመጠው ሃሌሉያ ይላል።

አንጁሎ፦ ከጉባኤው በኋላ። እሺ? ቃሌ ነው። ጥምቀቱ ይለፍ፣ እንግዶቹ ይሸኙ፣ ከዚያ ሽማግሌዎቹን ሰብስቤ በሥርዓት እዘጋዋለሁ። እስከዚያ ታገሺ።

ማሎሬ፦ እኔማ እታገሣለሁ። ከእኔ የሚያልቅ ነገር የለም።

አንጁሎ፦ ውሻው ለምን ተነሣ?

ማሎሬ፦ ፀሐይዋ የት ደረሰች?

አንጁሎ፦ እንሰቱ ጋ... ለምን አይጮህም? ሰው ከመጣ ይጩህ እንጂ።

ማሎሬ፦ ውሻ በጌታው ላይ ይጮሃል?

አንጁሎ፦ ስሚ። በሩ ነው።

ማሎሬ፦ ሰምቻለሁ።

አንጁሎ፦ ከታች ነው የሚመታው። ማሎሬ፣ ከታች ነው። ልጅ ነው፤ የጎረቤት ልጅ ይሆናል።

ማሎሬ፦ ድሮ ከላይ፣ ከማጠፊያው አጠገብ ነበር የሚመታው። ከዚያ መሐል ላይ ሆነ። እኔ ስሰማው ነው እየወረደ የመጣው።

አንጁሎ፦ ማን ነህ ልበለው?

ማሎሬ፦ እሱን ያውቁታል። ይልቅ ይነሡና ይንገሩት። «ጮራሞ፣ ከጉባኤው በኋላ ነው፤ ሦስተኛው መንደር ይቀራል፤ ተመለስ» ይበሉት። እኔ አልናገርም። የላከው ይንገረው። አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። ምን ያስቸግራል?

አንጁሎ፦ ከበሩ ሥር ውሃ እየገባ ነው።

ማሎሬ፦ ሁልጊዜ ይገባል። በኋላ እወለውለዋለሁ።

አንጁሎ፦ እሁድ ሕዝቡን ምን እላለሁ?

ማሎሬ፦ ጸሎታችን ተሰማ ይበሉ፤ እውነት ነው። ከዚያ ድንኳን ይተከልልኝና ባሌን ላልቅሰው። ማዶም እግር ያለው ይሂድላቸው።

አንጁሎ፦ ደግሞ መታ።

ማሎሬ፦ አንድ ጊዜ ይመታል፤ ደግሞ ይመታል፤ ከዚያ ዝም ይላል፤ ከዚያ ይሄዳል። አሁን ዝም ብሏል።

አንጁሎ፦ ጌታ ሆይ... ጌታ ሆይ፣ እስከዚህ ደጅ አድርሰው ብለንህ ነበር። አድርሰኸዋል። ዝም አይበል ብለንህ ነበር፤ ተናግሯል። እኛ የምንለምነውን አናውቅም ነበር። አሁን ይግባ። ይረፍ። የቀረውን መንገድ እኛ እንሄዳለን፤ እኔም በዚህ ጉልበቴ እሄዳለሁ። የከፈትኩትን ዘጋሁ። አሜን።

ማሎሬ፦ አሜን።

አንጁሎ፦ በሩን ክፈቺው።

ማሎሬ፦ እከፍታለሁ። እርስዎም ቃልዎን አይርሱ።

አንጁሎ፦ አልረሳሁም፤ ተነሥቻለሁ። ኖር፣ ጮራሞ። በርጩማህ ይኸውና፤ ተቀመጥ።